እጃቸው የሚያርፍበት ጎማ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ መሬት የሚጠርገው ኤክስካቫተር የአንድ አሮጌ ጉድጓድ አፍ ገለጠ። ሾፌሩ መጀመሪያ ያየው ጡብ ነው፤ ቀጥሎ ጫማ አየ። ከጫማው ቀጥሎ ያለውን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ማንም ከተቀመጠበት ሊያስነሳው አልቻለም።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲመለከት ዓይኑን የያዙት ጡቦቹ ናቸው። ሰው እግሩ ከድቶት ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። ከገባ በኋላ ግን በራሱ ላይ ጡብ አይከምርም። አጠገቡ ለቆመችው ሳጅን ራሱን የሸፈነ ሬሳ እስከ ዛሬ አላየሁም አላት፤ እሷም አላየችም።

ሐኪሙ አጥንቱን ካየ በኋላ የነገራቸው አጭር ነበር። ወንድ ነው፣ ወጣት ነው፣ ሦስት ክረምት ገደማ ከርሟል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል። ግራ ክንዱ ደግሞ በልጅነቱ ተሰብሮ፣ ጠመም ብሎ የገጠመ ነው።

እንዲህ ያለ የጠፋ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ከፋብሪካው ከፍ ብሎ ባለው ላቫጆ መኪና ያጥብ የነበረ፣ እጁ የነካው ሁሉ ስለሚያበራ ጓደኞቹ «መስታወት» እያሉ የሚጠሩት ልጅ ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከሥራ ወጥቶ እቤቱ አልገባም። አገር ጥሎ ሄደ ተባለ። ሲሄዱ የማይሰናበቱ ልጆች ብዙ ናቸውና ሰዉም አመነ፣ ፖሊስም ነገሩን ረሳው። ያን ጊዜ ነገሩን ከረሱት አንዱ ራሱ ኢንስፔክተሩ ስለነበር፣ ረቡዕ ጠዋት የልጁን ታላቅ እህት አስጠርቶ ሲያነጋግራት ዓይኗን ደፍሮ ማየት ከብዶት ነበር።

ስለ ክንዱ ሲጠይቃት እንባዋ ቀደማት። ከዛፍ ወድቆ ነው፤ ያን ቀን እንድትጠብቀው የተተወው ለሷ ነበር።

«እናቴን ግን እኔ አልነግራትም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ብነግራትም አትሰማኝም።»

«ለምን?»

«እሁድ ዕለት መጥቶ ነበር ትላለች።»

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ወደ እናትየው ቤት ሄዱ። ግቢው በሁለት ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተሸሸገ፣ ፀሐይ የማትደፍረው ቦታ ነው። አጥሩ፣ የውሃ በርሜሉ፣ የበረንዳው ደረጃ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። ከዛፎቹ ሥር አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ ጣሪያዋ ላይ ቅጠል በስብሷል፣ ኮፈኗ ላይ የወፍ ኩስ ተጋግሯል። የመስኮቶቿ ዙሪያ ጎማ፣ የስፖኪዮዎቿ ጥቁር ፕላስቲክ፣ የበሮቿ ክፈፍ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጡ ይመስል ጥቁር ብለው ያብረቀርቃሉ። አንዲት የአልጌ ክር፣ አንዲት የሻጋታ ነጥብ የለባቸውም።

«ፊቷን ሳትታጠብ ተኩላለች» አለች ሳጅኗ በሹክሹክታ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም።

እናትየው ከበረንዳው ወርደው ተቀበሏቸው። መርዶ የመጣባቸው ሰው አይመስሉም፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው ወንበር አወጡ፣ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ተቀመጡ አሉ።

«ደክማችሁ መጣችሁ ልጆቼ» አሉ። «ያገኛችሁት የሰው ልጅ ነው፤ እናቱን ፈጣሪ ያጽናናት። የኔ ግን አይደለም። የኔ እሁድ ሊነጋ ሲል መጥቶ መኪናውን ጠርጎ ሄዷል።»

«አዩት እማማ?»

«ባየው እለቀው ነበር?»

እናትየው ተናገሩ ሳይባሉ ሁሉንም ለኢንስፔክተሩ ነገሩት። ልጃቸው ከጠፋ ጀምሮ መኪናዋን ማንም እንዲነካት አልፈቀዱም። እሱ ሲመጣ በራሱ እጅ ያጥባታል ብለው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አረንጓዴው ከመስኮቶቹ ጎማ ጀምሮ እየተስፋፋ፣ ከሥሩም ጥቁር ሻጋታ እየተከተለው መኪናዋን ከበባት። አንዲት ቦታ ብቻ ቀረች። እሳቸው ማለዳ ማለዳ ወጥተው በሾፌሩ መስኮት ጎማ ላይ እጃቸውን ያሳርፉና «እንደምን አደርክ» ይሉ ነበር። እጃቸው የሚያርፍባት መዳፍ የምታህል ቦታ ጥቁር እንደሆነች ኖረች፤ አረንጓዴው ዙሪያዋን ይመጣና እዚያ ሲደርስ ይቆማል። እሁድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው ወጥተው እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ሁሉም ጥቁር ሆኖ አገኙት።

«ጎረቤት አዝኖልዎት ጠርጎት ቢሆንስ?» አለች ሳጅኗ።

«ሌላ ሰው ውጭ ውጭውን ይጠርጋል የኔ ልጅ። ነዪ እስቲ ላሳይሽ።»

በሾፌሩ በርና በክፈፉ መካከል ያለውን ስንጥቅ አሳዩአት። የቀጭን ጨርቅ ጫፍ በሩ ነክሶት ቀርቷል። በሩ ካልተከፈተ ጨርቅ አይነክስም። ኢንስፔክተሩ ቁልፍ ሠሪ አስጠራና አስከፈተው። ሲከፈት፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ ከውጭ የማይታየው የውስጥ ጎማ ከንፈር ሳይቀር ጥርት ብሎ ተጠርጓል። ኢንስፔክተሩ በጣቱ ሲነካው ግሊሰሪን ነው። ሻጋታ የሚገድለው የኮምጣጤ ሽታም ገና አለቀቀውም።

«ልጄ ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ፣ ጎማውን ገልብጦ፣ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚጠርገው» አሉ እናትየው። «ከውጭ ብቻ ከጠረግሽው ሥሩ ውስጥ ይቀራል እማዬ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል ይለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ እንዳይሰነጠቅ ግሊሰሪን ይቀባዋል። ይሄ የሱ እጅ ነው፤ የልጄን እጅ አላጣውም።»

ከዚያ ስለ ቁልፉ ነገሩት። መኪናዋን አሮጌ ሆና ሲገዛት የነበራት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። እሱ በጠፋበት ሰሞን ባትሪዋ ደክሞ ቆማ ስለነበር ልጁ በእግሩ ነበር የሚመላለሰው። ቁልፏ ግን ከግቢው በር ቁልፍ ጋር፣ እሳቸው ራሳቸው በሰጡት የእንጨት ዓሣ ማንጠልጠያ ላይ ሆና ከኪሱ አትለይም፤ በጠፋበት ዕለትም አብራው ወጥታለች።

«ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። በሩ ደግሞ ተከፍቷል» አሉ ኢንስፔክተሩን ትክ ብለው እያዩ። «እንግዲህ ፖሊሱ አንተ ነህ፣ ንገረኛ።»

እሳቸው ነገሩን የጨረሱት መሰላቸው። በሕይወት ያለ ልጄን አፈር አላለብስም አሉ። እህትየውም እናቷ ሳትፈቅድ ወንድሟን አልቀብርም ብላለች። ስለዚህ አጥንቱ በሆስፒታሉ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ፣ አንድ ሰው እስኪናገርለት ይጠብቃል። ያ ሰው እሱ መሆኑን ኢንስፔክተሩ ያን ጊዜ አወቀው፤ ደስም አላለው።

ሊወጡ ሲሉ የግቢው በር ተንኳኳና አንድ ረጋ ያለ ወጣት ዳቦ በብብቱ ይዞ ገባ። «ሁለተኛው ልጄ ነው» አሉ እናትየው። የመስታወት የሥራ ጓደኛ ነው፤ ዛሬ ላቫጆውን የሚመራው እሱ ነው። ሲበዛ ዝምተኛ ስለሆነ «ጭምቱ» ይሉታል። ጓደኛው ከጠፋ ወዲህ ለእኚህ ሴት ጣሪያ የሚጠግነው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ ነው። ወሬውን ሰምቶ ዓይኑ ቀልቷል። ኢንስፔክተሩን ወደ በሩ ሸኘውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም ያድርገው ማን፣ እማማ መጥቶ ነበር ብለው ቢያምኑ ማንን ይጎዳል አለው። ሲናገር ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ከተከራዩ ጀመረ። የፊት ለፊቷን ክፍል የተከራዩት ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መኪናዋ ትንኝ ታራባለች እያሉ ከእናትየው ጋር ሲነታረኩ ኖረዋል። በራቸው ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ፊት ለፊት መጣ። ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። አልጋው ሥር ባዶ የኮምጣጤ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

ጡረተኛው ግን አላፈሩም። እግራቸውን ፈንገስ ስለበላው ማታ ማታ በኮምጣጤ ይዘፈዝፉታል፤ ካላመናችሁ ብለው ካልሲያቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ ሳጅኗ አምናለሁ አለች።

ከዚያ እጃቸውን አንዴ አፋቸው ላይ፣ አንዴ ጉልበታቸው ላይ እያደረጉ፣ የሰሙትን ነገሯቸው። ሊነጋጋ ሲል ነው። ከመስኮታቸው ሥር ጭርጭር የሚል ድምፅ ነቃ አደረጋቸው። ያን ድምፅ ያውቁታል፤ ልጁ በነበረበት ዘመን የዕረፍት ቀን ማለዳ የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነበር። የጥርስ ብሩሽ ጎማ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ነው።

«መስኮቱን ከፍተው አላዩም?»

«በዚህ ዕድሜዬ ከመንፈስ ጋር ምን አነጋገረኝ? ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።»

«ቀኑ መቼ ነበር?»

«እሁድ ነው። ወይስ ረቡዕ፣ ማለቴ ዛሬ?» ግንባራቸውን አሹ። «ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁሉም ቀን አንድ ነው የሚመስለኝ።»

ይቺ ነገር ኢንስፔክተሩን ዕረፍት ነሳችው። ጎማው የተጠረገው ማክሰኞ አጥንቱ ከተገኘ በኋላ ከሆነ፣ አንድ አዛኝ ሰው እናትየውን ከመርዶ ለማትረፍ ያደረገው ነው፤ እናትየውም ደንግጠው ቀኑን አሳስተውታል ማለት ነው። እንዲህ ሊያዝን የሚችል፣ የልጁንም አጠራረግ የሚያውቅ፣ ምናልባትም የተረሳ ቁልፍ እቤቷ ያገኘ ማን አለ? ሐሳቡ ወደ እህትየው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደው አገኟት። የሆስፒታል ልብስ ታጥባለች፤ እጆቿ በሳሙና ነጥተው ተጨማደዋል። ጥያቄው የት እንደሚያደርስ ሲገባት ፊቷ ጠቆረ። እሷ መኪናዋን በጎታች አስወጥታ እናቷን ወደ ራሷ ቤት ልትወስድ ስትለምን የኖረች ናት። እናቷን ከዚያ ግቢ ጋር የሚያስራትን ነገር እሷ ራሷ ታጠብቃለች?

«ወንድሜ ተኝቶ የሚጠብቀኝ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው» አለች ወደ ቀዝቃዛው ክፍል እያመለከተች። «ሥራ ስገባም ስወጣም በሩን አልፋለሁ። እኔ እኮ እናቴ እንድትቀብረው ነው የምፈልገው።»

አለቃዋ ቅዳሜ ማታ ገብታ እሁድ እስከ ቀትር ከሥራ እንዳልወጣች መሰከረችላት። ማክሰኞ ማታ ግን ብቻዋን እቤቷ ነበረች። ቀኑ ካልታወቀ ነጻ ልትባል አትችልም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ግቢው ተመለሰ። እናትየው ከበረንዳቸው እያዩት መኪናዋን ዙሪያዋን ዞረ፣ ተንበረከከ፣ ከሥር ቀና ብሎ አየ። ጎማው በውሃ አልታጠበም፤ ቧንቧ ቢከፈት ድምፁ ሰው ይቀሰቅሳልና በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የተወለወለው። ስለዚህ ብሩሹ የፋቀው አረንጓዴ ከአረፋው ጋር በበሩ ቆርቆሮ ላይ ተንጠባጥቧል። ከስፖኪዮው ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ፣ ጠብታዎቹ ደርቀው ሥዕል ሠርተዋል። ከዚያች ጥግ ዝቅ ሲል ግን የጠብታዎቹ መንገድ ድንገት ይቆረጣል፤ ዝናብ አጥቦት ሄዷል።

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ ሳጅኗን ዝናብ የጣለው መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

«እሁድ ማታ። የኔን ጣሪያ ነው ያነሳው፣ እንዴት እረሳዋለሁ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ጠብ አላለም።»

እንግዲያው እናትየው ቀኑን አላሳሳቱም፣ እህትየውም ነጻ ናት። ኢንስፔክተሩ ግን ደስታ አልተሰማውም። እሁድ ሊነጋ ሲል ስለ አጥንቱ ማንም አያውቅም ነበር። ኤክስካቫተሩ አርብ ዕለት መጥቶ ፋብሪካው በር ላይ ቆሟል፤ ያን ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ማሽኑን አይቶ ምን እንደሚያወጣ ሊያውቅ የሚችለው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«መርዶው ሳይመጣ ነው ያጽናናቸው» አለ ለሳጅኗ። «ቁልፉም እሱ ጋ ነው።»

ሳጅኗ ወደ እናትየው ዞር ብላ አየች። እሳቸው አጠገባቸው ካለው ትሪ ላይ ትናንት የመጣላቸውን ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ሁለቱም ዳቦውን አዩ፤ ከዚያ ወደ ላቫጆው ሄዱ።

ላቫጆው ሰፊ ጣሪያ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ወለልና አንዲት ጠባብ ቢሮ ያለው ነው። ኢንስፔክተሩ የፖሊስ መኪናውን አቁሞ የመስኮቶቹ ጎማ ሻጋታ ይዟል አለ፤ እውነቱን ነበር። አንድ አጣቢ ብሩሽ ይዞ መጣና በሮቹ እንደተዘጉ ውጭ ውጭውን ፈተገ። ኢንስፔክተሩ በሩ አይከፈትም ወይ ብሎ ሲጠይቀው አጣቢው ሳቀበት። እንደዚያ የሚሠራው ድሮ መስታወት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ጭምቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ማን ጊዜ አለው አለው።

ጭምቱ ከቢሮው ወጥቶ ሰላም አላቸውና ወደ ውስጥ አስገባቸው። ከሚታጠቡት መኪናዎች የሚረጨው ውሃ ዓመት ከዓመት የሚያርፍበት የቢሮው ግድግዳ በኖራ የተቀባ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች በሻጋታ ጠቁሯል። አንድ የሥራ ቱታ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ኢንስፔክተሩ ስለ ጓደኛው የመጨረሻ ቀን ጠየቀው፤ ጭምቱም ከሦስት ክረምት በፊት የተናገረውን ደገመለት። ሥራ ጨርሰው ተለያዩ፣ መስታወት ሲያጥብ የሚሰቅለውን ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንስቶ ብቻውን ወጣ።

«ከየትኛው ምስማር?»

የጭምቱ ዓይን ከሱ ፈቃድ ውጭ ወደ ቱታው ሄደ።

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ቱታውን አወረደው። ከሥሩ ግድግዳው እንደሌላው ቦታ ጠቁሯል። በመካከሉ ግን ሻጋታው ያልነካው ነጭ ቅርጽ አለ። ሁለት ቁልፎች፣ ከነሱ በታች ደግሞ ጅራቷ ወደ ላይ የሆነ ትንሽ ዓሣ። ቁልፎቹ ለዓመታት እዚያ ኖረው፣ ከቀናት በፊት የተነሱ ናቸው።

ሳጅኗ ከንፈሯን መጠጠች። ጭምቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና የእንጨቷን ዓሣ ከነቁልፎቿ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መጣል አቃተኝ» አለ። «ስንቴ ወንዝ ድረስ ይዤው ሄጄ ተመልሻለሁ።»

የቀረውን ያለ ማንም ግፊት ተናገረ። ከደንበኞች መኪና ዕቃ እየፈታ ያወጣ ነበር፤ መስታወት ያዘው። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ፋብሪካው ወርደው ተጨቃጨቁ። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ተመልሼ እወስደዋለሁ ብሎ ነው መስታወት የወጣው። ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለው። ጭምቱ ለመነው። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ገፋው።

«አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። ከዚያ ከሥር ጠራኝ። እሱ ብቻ የሚጠራኝ ስም አለ፣ በሱ ነው የጠራኝ። ሰው ብጠራ ይተርፍ ነበር። ቆሜ ሰማሁት፣ ከዚያ ጡብ አነሳሁ።»

ያን ጊዜ፣ ፖሊስ ነገሩን በረሳበት ሰሞን፣ ከዚህ ቢሮ ደጃፍ ድረስ መጥቶ የጭምቱን ምስክርነት ተቀብሎ የተመለሰው ኢንስፔክተሩ ራሱ ነበር። ቱታው ያኔም ተሰቅሎ ይሆናል።

«መኪናዋን ለምን ጠረግካት?»

«እማማ እንዳይሞቱብኝ። ልጄ መጥቶ ነበር ካሉ አጥንቱ የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ።» ፊቱን በመዳፉ አሸ። «ደግሞ ያቺ ቦታ። ሁሉ ነገር አረንጓዴ ሆኖ እጃቸው የሚያርፍባት ቦታ ብቻ ጥቁር ናት። ዳቦ ይዤ በገባሁ ቁጥር ታየኛለች። እሷንም ማየት አቃተኝ።»

«ለሳቸው ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?»

«አላውቅም።»

«ውጭ ውጭውን ብቻ ብትጠርገው ኖሮ አናገኝህም ነበር» አለች ሳጅኗ።

ጭምቱ ቀና ብሎ አያት። «ውጭ ውጭውን ብቻ ቢሆን እሳቸው አያምኑም ነበር» አለ።

ኢንስፔክተሩ መርዶውን ለሌላ ሰው አልሰጠም። እህትየውን ይዞ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ሄደ። እናትየው ወንበር ሊያወጡ ሲነሱ እጃቸውን ያዛቸውና አስቀመጣቸው። ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ነገር ሳያሽሞነሙን፣ ማን እንደመጣና ለምን እንደመጣ፣ ቁልፉም የት እንደኖረ ነገራቸው። የእንጨቷን ዓሣ በመዳፉ አድርጎ አሳያቸው።

ዓሣዋን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ «ዳቦ የሚያመጣልኝ?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ጣሪያዬን የሚጠግነው?»

«እሱ ነው።»

ልጃቸው ልትይዛቸው ስትል እጇን ቀስ ብለው ከላያቸው አነሱ። ተነስተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ሾፌሩ መስኮት ዘረጉ። ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ወደ ግራ አሉ፣ ወደ ቀኝ አሉ፣ ጣታቸው ጎማውን እየዳበሰ ሄዶ ተመለሰ።

«የቱ ጋ ነበር?» አሉ። «ልጄ፣ እጄን የማሳርፈው የቱ ጋ ነበር?»

እህትየው አፏን ያዘች። ኢንስፔክተሩም ቦታዋን ስላላያት ሊያሳያቸው አልቻለም።

«እሷንም አጠፋብኝ» አሉ እናትየው። ከዚያ በዚያ በጸዳው ጎማ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው አለቀሱ። ለሦስት ክረምት ያላለቀሱት ለቅሶ ነው፤ ጡረተኛው ሳይቀሩ መስኮታቸውን ከፍተው ብቅ አሉ። ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠርገው ዞሩና፣ ነገ ልጄን አምጡልኝ አሉ።

ኢንስፔክተሩ ወደዚያ ግቢ የተመለሰው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በሚቀጥለው ክረምት ነው። ቁልፉ ለማስረጃነት ማስፈለጉ አብቅቶ ነበርና ለባለቤቱ ሊመልስ መጣ። መኪናዋ እዚያው ቆማለች። አረንጓዴውም ተመልሷል፤ በመስኮቶቹ ጎማ ላይ እንደገና ስስ ክር ሆኖ ጀምሯል። ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ወደ ሾፌሩ መስኮት ቀረብ አለ። አረንጓዴው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል። የሚቆምበት ቦታ የለም።

እናትየው የሚያየውን አዩ።

«አሁን የሚያድርበትን አውቃለሁ» አሉ። «ማለዳ ማለዳ እዚያ ነው የምሄደው።»

ቁልፉን ተቀበሉት። ዓሣዋን በቀሚሳቸው ጠርገው ኪሳቸው ከተቷት፣ ከዚያ ወንበር ሊያወጡለት ወደ ውስጥ ገቡ።